በቀለም የሣልኩት ሰሌዳ

ሰሌዳው አሁንም ከስቶሩ በር ጀርባ ቆሟል። ቁመቱ እኔን ያህላል፤ ስፋቱ ሁለት እጆቼን ብዘረጋ ትንሽ ይተርፈዋል። ቀለሙን በቤንዚን አሽቼ ለማስለቀቅ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሰሌዳው ችፑድ ስለሆነ ቀለሙን ጠጥቶታል። አረንጓዴው ጭቃ መሰለ፣ ቀዩ ደበዘዘ፣ ግን የትኛው የኮምፒውተር ቁልፍ የት ተሥሎ እንደነበረ ዛሬም ይለያል። ልጄን ከሥራ ያስወጣት ይህ ሰሌዳ ነው እያልኩ ለራሴ የነገርኩባቸው ወራት ነበሩ። ሰሌዳ ሰው ከሥራ አያስወጣም። ያስወጣኋት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልናገር።

ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ የሹራብ ፋብሪካ የመለዋወጫ ስቶር ኃላፊ ነኝ። ወደ ፋብሪካው የገባሁት በጫኝና አውራጅነት ነው። ከእንጦጦ ወዲያ ማዶ ካለው መንደራችን ስመጣ ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ ብዙም አልችልም ነበር። ትምህርቴም አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ ካርቶን ነው። ሣጥን ተሸክሜ ስገባ በጎኑ የተጻፈውን አነባለሁ፤ አውርጄ ስከፍተው ውስጡ ያለውን አያለሁ፤ ሁለቱን አገናኛለሁ። የማሽን ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ የማሽን መርፌ፣ የእያንዳንዱን ቁጥርና መጠን እንደዚያ ያዝኩ። የእንግሊዝኛ ፊደልም የለየሁት በዚያው መንገድ ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ የምስክር ወረቀት የሚባል ነገርም የለኝም። ይህንን ደግሞ ለሰው ሁሉ ስናገረው ኖሬያለሁ፤ ከሚገባው በላይ ተናግሬዋለሁ።

አንድ የምኮራበት ነገር ነበረኝ። ስቶሩ መስኮት ስለሌለው መብራት ሲጠፋ በእኩለ ቀንም ድቅድቅ ጨለማ ነው። መካኒኩ ዕቃ በሚሰጥበት የመስጫ ቀዳዳ በኩል «ስልሳ ሁለት ዜሮ አራት ኩሽኔታ!» ብሎ ይጮኻል። ሌላው ሰው ባትሪ ሲፈልግ እኔ ተነሥቼ እሄዳለሁ። ሰባት እርምጃ፣ ወደ ቀኝ፣ ከታች አራተኛው መደርደሪያ፣ ሁለተኛው ሣጥን። አምጥቼ እጁ ላይ አስቀምጥለታለሁ። «እርስዎ ጉድ ነዎት!» ይለኛል። ዕቃ ሁሉ ቦታ አለው፤ ቦታውን በልቡ የያዘ ሰው ዓይን አያስፈልገውም፤ ሥራ ማለት ይህ ነው ብዬ አምን ነበር።

ልጄ ኮሌጅ ጨርሳ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀመጠች። ለልጄ ብዬ የማንንም ደጅ አልጠናም ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን እናቷ አስጨነቀችኝ። ፋብሪካው ለስቶር ሦስት የኮንትራት ሠራተኞች ሲፈልግ ተመዝግባ፣ ተፈትና፣ ገባች። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በሩ ላይ አስቁሜ ነገርኳት።

«እዚህ ውስጥ አባዬ የሚባል ሰው የለም። አንተ የሚባልም የለም። ኃላፊ ነኝ።»

«እሺ፣ ኃላፊ» አለችኝ። ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ ነበር። ለእሷ ጨዋታ ነበር መሰለኝ፤ ማታ ቤት ስንገባ «አባዬ፣ ዛሬ ኃላፊያችን እንዴት ያለ ቁጡ ነው መሰለህ!» ብላ እናቷን ታስቅ ነበር።

ከእሷ ጋር የገቡት ሁለት ናቸው። አንዱ ሸጎሌ የከብት ገበያ ውስጥ ያደገ፣ የበግ ድለላውን ትቶ የመጣ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ አፉ ለአንድ አፍታ አያርፍም። ሌላዋ ከቁስቋም በእግሯ የምትመጣ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ያልገባትን ነገር ጮክ ብላ ካልጠየቀች አያስችላትም።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ለፋብሪካው ሶፍትዌር ከሚሠሩት ባለሙያዎች አንዷ ናት። በየመደርደሪያው የሚንጠለጠለው የገቢና የወጪ ካርድ ሊቀር ነው፣ ከእንግዲህ ሁሉም በኮምፒውተር ይሆናል ተባልኩ። ሲስተሙ ገና እየተሠራ ነው። ነገር ግን አዲሶቹ ማሽኖች ከሦስት ወር በኋላ ስለሚተከሉ ሠራተኛው ከአሁኑ መሠልጠን አለበት።

«ሥልጠናውን የሚያዘጋጁት እርስዎ ነዎት» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። «ስቶሩን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«ያላለቀ ነገር እንዴት ይሠለጠንበታል?»

ሴትዮዋ ሳቀች። «እኛም ይህንኑ ነው የምንጠይቀው፣ ጋሼ። በኮምፒውተሩ ላይ የሚታዩትን ገጾች ንድፍ አትመን እንሰጥዎታለን። እርስዎ ሐሳቡን ያስይዟቸው፤ ዕቃ ሲገባ ምን ይደረጋል፣ ሲወጣ ምን ይደረጋል የሚለውን። በስክሪኑ ላይ በጣት የሚነኩትን ቁልፎች ቦታ ግን አያስይዟቸው፤ እሱ ይቀየራል።»

አያስይዟቸው አለችኝ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ልወጣ ስል ሥራ አስኪያጁ አንድ ነገር ጨመረ። ሲስተሙ ሲገባ ሥራው ስለሚቀል ከሦስቱ የኮንትራት ሠራተኞች የሚቀሩት ሁለት ናቸው። ሲስተሙ በገባበት ቀን ይፈተናሉ፤ የተሻሉት ሁለቱ ቋሚ ይሆናሉ፣ አንዱ ይሰናበታል።

የታተመው ንድፍ አሥራ አንድ ገጽ ነበር። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ በትንንሽ ፊደል «ረቂቅ ነው። ሊለወጥ ይችላል።» የሚል ጽሑፍ አለ። ከአንድ አሮጌ ካርድ ጀርባ ቀጭን ነጭ ወረቀት ቆረጥኩና ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ገጹን አስቀምጬ ወረቀቷን በጽሑፉ ላይ አጋደምኳት።

«ጋሼ፣ የታችኛው ጽሑፍ እየተሸፈነ ነው» አለችኝ ፎቶ ኮፒ የምታነሣው ልጅ።

«ይሸፈን» አልኳት።

ለምን እንዳደረግሁት ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ በኩራት እመልስላችሁ ነበር። ይለወጣል የተባለን ነገር ማን ያጠናል? ሰው ሰበብ ካገኘ አይሠራም፤ እኔ ሰበቡን ነው የሸፈንኩት እላችሁ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ይህ ነው፦ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተምር ተብያለሁ። የማስተምርበት መጽሐፍ በየገጹ «ያላለቀ ነው» እያለ እንዲያሳጣኝ አልፈለግኩም። ሽፋን አሠራሁለት። በሽፋኑ ላይ «አዘጋጅ» ብዬ ስሜን አስተየብኩ። ቤት ወስጄም ለባለቤቴ አሳየኋት።

ኮምፒውተሮቹ ገና አልመጡም። ስለዚህ ሰሌዳ ለማሠራት አሰብኩ። አናጢ ጠርቼ ችፑዱን በእንጨት አስደገፍኩ፤ የሲስተሙን ዋና ገጽ አጉልቼ በዘይት ቀለም ልሥልበት ቆርቆሮዎቹን ደረደርኩ። ሦስቱም ቆመው ያያሉ። ልጄ ብሩሾቹን እየፈታች ነበር።

«ኃላፊ» አለች፤ «ሰሌዳውን ጥቁር ብቻ ቀብተነው ቁልፎቹን በጠመኔ ብንሥላቸውስ?»

«ለምን?»

«ከተቀየረ አጥፍተን እንድንሥለው።»

ብሩሹን ከእጇ ወሰድኩ። «ሥራ ሳይጀምር ማጥፊያ የሚያዘጋጅ ሰው የትም አይደርስም» አልኳት። «እኔ እዚህ የደረስኩት ይቀየር ይሆናል እያልኩ አይደለም። አንቺ ኮሌጅ የተማርሽው ይህንን ከሆነ ገንዘባችን በከንቱ ነው የሄደው።»

የሸጎሌው ሰው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። የቁስቋሟ ሴት የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። ልጄ ጎንበስ ብላ የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈተችልኝ። በዚያ ቀን አብረን ቀባን፤ እሷ አረንጓዴውን፣ እኔ ቀዩን። ከመሥመር አንዴም አልወጣችም።

ሥልጠናው በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ነበር። ረጅም ዘንግ ይዤ ከሰሌዳው አጠገብ እቆማለሁ፤ እነሱ በተገለበጡ ሣጥኖች ላይ ይቀመጣሉ።

«ዕቃ ሲወጣ?»

«ከላይ፣ ከግራ ሦስተኛው፣ አረንጓዴ!»

«ከዚያ?»

«የዕቃው ቁጥር!»

«ከዚያ?»

«አዎ! ደግሞ አዎ!»

ሲስተሙ እርግጠኛ መሆናችሁን ሁለት ጊዜ ይጠይቃልና ሁለት ጊዜ «አዎ» እንዲሉ አስለመድኳቸው። መካኒኮቹ ሳይቀሩ በመስጫው ቀዳዳ እያጮለቁ «አዎ! ደግሞ አዎ!» እያሉ ያላግጡ ጀመር።

«ጋሼ» አለኝ የሸጎሌው ሰው አንድ ቀን፤ «ይሄን ነገር ከበሮ ብንጨምርበት ሠርግ ላይ ያስጠራናል ወላሂ።»

«አንተ መጀመሪያ ያዘው!»

«እይዘዋለሁ ጋሼ፣ ግን የኔ ነገር ችግር አለበት። እኔ በግ ስገዛ ሁልጊዜ አፉን ከፍቼ ጥርሱን አየዋለሁ። ትናንት ያየሁትንም በግ ዛሬ እንደገና ነው የማየው። ባለቤቱ ይሰድበኛል፣ እኔ አየዋለሁ። ያየሁትን ማመን አልተፈጠረልኝም።»

ሁሉም ሳቁ። ልጄም ሳቀች። ተቆጣሁ። እዚህ የከብት ገበያ አይደለም አልኩት። ስንፍናን በቀልድ የሚሸፍን ሰው መጨረሻው አያምርም ብዬ ግማሽ ሰዓት መከርኩት። እሱም በትዕግሥት ሰማኝና ስጨርስ «አሜን» አለ።

በሁለተኛው ወር ባለሙያዋ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ዋናው ገጽ ተቀይሯል፤ አዲሱን ንድፍ ልላክልዎት?»

ሰሌዳውን አየሁት። ቀለሙ ደርቆ ያበራ ነበር። «ሁሉም ካለቀ በኋላ አንዴ ትልኪልኛለሽ» አልኳት። «አሁን ከላክሽ ሰዎቹ ይደናገራሉ።» ሰዎቹ ያልኳት እኔን ነው።

ከዚያ ወደ መጨረሻው ትምህርት ገባን። የቁስቋሟን ሴት ሻርፕ ተዋስኩና ተራ በተራ ዓይናቸውን አሰርኩ። ዓይናቸው ታስሮ ወደ ሰሌዳው ሄደው የጠራሁትን ቁልፍ በጣታቸው እንዲነኩ ነው። ይህንን ያሰብኩት ስቶሩን አስቤ ነው። በጨለማ ኩሽኔታ የሚያገኝ ሰው በጨለማ ቁልፍም ያገኛል። ኩሽኔታው ባለበት ቦታ የሚቆየው እኔ እዚያ ስላስቀመጥኩት እንደሆነ፣ የስክሪኑን ቁልፍ ግን ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ተቀምጦ እንደሚያንቀሳቅሰው አልመጣልኝም። ወይም መጥቶልኝ አባርሬዋለሁ።

የሸጎሌው ሰው ዓይኑ ታስሮ ወደ በሩ ሄደና የመካኒኩን አፍንጫ ነካ። የቁስቋሟ ሴት ሻርፑን በጎን ከፍ አድርጋ እያየች መሆኑን ደረስኩባት። ልጄ ተራዋ ሲደርስ ተነሣች። አሥራ ሁለት ቁልፍ ጠራሁ። አሥራ ሁለቱንም መካከላቸውን ነካች። አንድ ጣት እንኳ አልሳተችም። መካኒኮቹ አጨበጨቡ። ውስጤ ሞልቶ ነበር። ልጄ ስለሆነች ግን «ጥሩ» ብቻ ብዬ ወደ ሌላው ዞርኩ።

እሷ ቤት ስትገባም ማጥናቷን አላቆመችም። እራት ከበላን በኋላ የጠረጴዛውን ላስቲክ በጣቷ እየነካች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እናያለን። እናቷ አንድ ቀን ሰሐኖቹን እያነሣች «ልጅህ ናት ወይስ ሠልጣኝህ?» አለችኝ።

«ሁለቱም» አልኳት።

«አንዷን አትርፍልኝ ታዲያ።»

የፈተናው ቀን ሦስት ኮምፒውተሮች መጡ። ባለሙያዋ አንዱን ከፍታ በመስጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ከትከሻዋ በላይ አየሁት። ገጹ ነጭ ነው። አረንጓዴ የለም። ቁልፎቹ ከላይ ናቸው፣ ግን አራት ብቻ፣ በትንንሽ ሥዕል፣ ሥሩ ላይ የሥራቸው ስም ተጽፏል። የኔ «ወጪ» ወደ መጀመሪያው ቦታ ተዛውሯል። በእሱ ቦታ፣ ከግራ ሦስተኛው ላይ፣ ሌላ ቃል ተቀምጧል። ያን ጊዜ አፌን ከፍቼ «ቆዩ፣ ተቀይሯል፣ እያነበባችሁ!» ማለት እችል ነበር። ሦስቱም ጥቂት እርምጃ ርቀው ቆመው ነበር። ሥራ አስኪያጁም ወንበር ስቦ ተቀምጧል። ዝም አልኩ።

የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው። መካኒኩ ይመጣል፣ ስልሳ ሁለት ዜሮ አራት ኩሽኔታ ሁለት ፍሬ ይጠይቃል፣ ሠራተኛው በሲስተሙ ወጪ ያደርጋል።

የቁስቋሟ ሴት ቀደመች። ስክሪኑን እንዳየች «ውይ፣ ይሄማ ሌላ ነው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል በጣቷ ተከትላ ጮክ ብላ አነበበች። ቆየች፣ አላበች፣ ወጪ አደረገች። ቀጥሎ የሸጎሌው ሰው ተቀመጠ። አንገቱን ወዲህና ወዲያ እያደረገ፣ ቀረብ እያለ፣ ራቅ እያለ ስክሪኑን እንደ በግ አየው። «ጥርሱ ተቀይሯል» አለ፤ አንብቦ፣ አንድ ጊዜ ተሳስቶ፣ ተመልሶ፣ ጨረሰ።

ልጄ መጨረሻ ሆነች። ስትቀመጥ ወደኔ ቀና አለች። ከዚያ እጇ ሄደ። ከላይ፣ ከግራ ሦስተኛው። የዕቃው ቁጥር። አዎ። ደግሞ አዎ። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የፈጀው። እጇን ጭኗ ላይ መለሰች።

«ማስወገድ» ነበር የነካችው። የተበላሸ ዕቃ ከመዝገብ የሚሰረዝበት ነው። ስክሪኑ ላይ የመደርደሪያው ኩሽኔታ በሙሉ ዜሮ ሆነ። ሲስተሙ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቋታል። ሁለት ጊዜ አዎ ያስባልኳት እኔ ነኝ።

ማንም አልሳቀም። የሸጎሌው ሰው እንኳ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ባለሙያዋ ዞረ። «የሠለጠኑበት ወረቀት ረቂቅ መሆኑ አልተነገራቸውም እንዴ?»

«በየገጹ ጽፈናል» አለች ባለሙያዋ፤ ወደኔ ዞራ አየችኝ።

ወደኔ ዞሩ ሁሉም። እዚያው አጠገቤ፣ መደርደሪያው ላይ፣ የኔ መጽሐፍ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ስሜ፣ ውስጡ ግርጌው ባዶ የሆነ አሥራ አንድ ገጽ። አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ቢገልጠው አለቀ። ሥራ አስኪያጁ ግን ደግ ሰው ነው፤ መግለጥ አላስፈለገውም።

«ልጅቷ ለምዳ ነው እንጂ ችሎታ አላጣችም» አለ። «አንዴ ብንደግምላትስ? እናንተ ትቃወማላችሁ?»

«ምን ገዶን!» አለ የሸጎሌው ሰው። «ትድገም እንጂ!»

«ትድገም፣ ትድገም» አለች የቁስቋሟ ሴት። እነሱ እንጀራቸው ላይ ፈርደው ትድገም አሉ።

እኔ አባቷ ግን ቀና ብዬ ቆምኩ። «ለልጄ ተብሎ ፈተና አይደገምም» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀ። «እንደ እርስዎ ያለ ሰው አይገኝም» አለ። ያ ወሬ ፋብሪካውን አዳረሰው። ለሳምንታት ሰው ኮፍያውን እያነሣ ሰላም ይለኝ ነበር፤ ለራሱ ልጅ ያላደላ ሰው ተባልኩ። እውነቱን አሁን ልጻፈው። ፈተናው ቢደገም ለምን እንደተሳሳተች ይጠየቃል፣ ቢጠየቅ መጽሐፉ ይገለጣል፣ ቢገለጥ የሸፈንኩት ይታያል። የፈራሁት ይህንን ነው። ፍርሃቴን ፍትሕ ብዬ ጠራሁት፤ ሰው ሁሉ አመነኝ። ስለ ሐቅ በየማዕዱ የምመክር ሰው ነኝ፤ በሕይወቴ የተመሰገንኩበት ትልቁ ሐቅ ውሸት ነበር።

ሠራተኛ ሲሰናበት ክሊራንስ ይሞላል። በእጁ ያለውን ንብረት ያስረክባል፤ የየክፍሉ ኃላፊ ይፈርማል። የስቶሩ ፈራሚ እኔ ነኝ። ልጄ ቅጹን ይዛ ወደ መስጫው ቀዳዳ መጣች፤ በውስጥ በኩል በሩ ክፍት እያለ እንደ መካኒኮቹ ውጭ ቆመች።

«ጋዋን» አልኩ።

አጣጥፋ አቀበለችኝ። ታጥቦ ተተኩሷል።

«ቁልፍ።»

አቀበለችኝ።

«የእጅ ባትሪ።»

አቀበለችኝ። ከዚያ አንድ ደብተር ጨመረች። በሥልጠናው ጊዜ ስትጽፍበት የነበረው ነው።

«ይሄ የፋብሪካው ንብረት አይደለም» አልኳት።

«አውቃለሁ። ለእርስዎ ነው።»

ፈረምኩላት። ፊርማዬ ከመሥመሩ ወጣ። «አመሰግናለሁ፣ ኃላፊ» አለችና ወረቀቷን ይዛ ሄደች።

በዚያ ሳምንት ቤት ውስጥም እርስዎ ትለኝ ጀመር። በቁጣ አይደለም፤ በትሕትና ነው። ውኃ ስታቀርብልኝ፣ በር ስትከፍትልኝ፣ «እርስዎ»። እናቷ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ከወር በኋላ ሐዋሳ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምታ ሄደች። በኮሌጅ ወረቀቷ አይደለም፤ መስፊያ ማሽን ላይ ነው የተቀጠረችው። መናኸሪያ ልሸኛት ብዬ ተነሣሁ። «ሥራ ይቀርብዎታል» አለችኝ። ሥራ ቀርቶ አያውቅም እያልኩ ነበር ያሳደግኳት። ሥራ ሄድኩ።

ደብተሩን መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼ ብዙ ጊዜ አልነካሁትም። ከዚያ ሲስተሙ እንደገና ሊሻሻል ነው፣ ሌላ ሥልጠና አዘጋጁ ተባለ። የእሷ ጽሕፈት ጥሩ ስለሆነ ከእሱ ልነሣ ብዬ አወጣሁት። ሽፋኑን ገለጥኩ። በመጀመሪያው ገጽ፣ ከሁሉ በላይ፣ በሥርዓት በተሠመረበት መሥመር ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ረቂቅ ነው። ሊለወጥ ይችላል።»

ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። ግርጌያቸው ያልተሸፈነው ዋናዎቹ ገጾች እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበሩ፤ የቆረጥኳት ነጭ ወረቀት እንኳ በመካከላቸው አለች።

በማግሥቱ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አንሥቶ አገላበጣት።

«ያን ዕለት ቢነግሩኝ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር» አለ። «አሁን ቦታው የለም፣ ጋሼ። ሁለቱን ቋሚ አድርጌያለሁ። የትኛውን ላስወጣ?»

ከሥራ ያግደኛል ብዬ ነበር፤ ወረቀቷን መልሶ ሰጠኝና ወደ ሥራዬ ላከኝ። ያ ከቅጣት ይከብዳል።

ያን ቀን በምሳ ሰዓት ለልጄ ደወልኩላት። ከኋላዋ የማሽን ድምፅ ይሰማል።

«ደብተሩን አየሁት» አልኳት። «ጽሑፉን የት አገኘሽው?»

«ማጣበቂያ አምጪ ብለው ወደ መሳቢያዎ የላኩኝ ቀን።»

«ያ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ማሽኖቹ ሲሮጡ ሰማሁ። «ስለ ጠመኔው አንዴ ተናግሬ ነበር» አለች።

ጠየቅኳት። «በፈተናውስ ቀን? እያወቅሽ ለምን እንደነሱ አላነበብሽም?»

«ልሞክር ነበር። ስክሪኑን አይቼዋለሁ። ግን እርስዎ ቆመው እያዩኝ ነበር፤ እጄ ቀደመኝ።» ቀጥላም «ሁሉም ሲስቁብዎት ነበር የከረሙት። እኔ ደግሞ የተማርኩትን ትቼ ባነብ...» አለች። አልጨረሰችውም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት። «ለሥራ አስኪያጁም ነግሬዋለሁ። ይቅር በይኝ።» ይህንን ቃል ለልጄ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«እሺ» አለች።

«አባዬ በይኝ» ልላት ነበር። በር ላይ አስቁሜ የከለከልኩትን ቃል በስልክ መልሺ ማለት አፈርኩ።

«እረፍታችን አልቋል» አለች። «እናቴን ሰላም ይበሉልኝ። መድኃኒትዎን ይዋጡ።»

ለአዲሱ ሥልጠና ሰሌዳውን ገልብጬ ጀርባውን ጥቁር ቀባሁት። አሁን በጠመኔ ነው የምሥለው። ሐሳቡ የማን እንደሆነ ለሁለቱም ነግሬያቸዋለሁ፤ የሸፈንኩትንም ነግሬያቸዋለሁ። የቁስቋሟ ሴት አለቀሰች። የሸጎሌው ሰው፣ ለነገር ሁሉ ቃል የማያጣው፣ ጠመኔውን አንሥቶ ይሰባብር ጀመር።

ባለፈው ሳምንት እያሠለጠንኩ መብራት ጠፋ። መካኒኩ በቀዳዳው «ስልሳ ሁለት ዜሮ አራት!» ብሎ ጮኸ። ተነሣሁ። ሰባት እርምጃ፣ ወደ ቀኝ፣ ከታች አራተኛው፣ ሁለተኛው ሣጥን። አገኘሁት፤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኛ። ስመለስ ግን ልጄ በሥልጠናው ትቀመጥበት የነበረውን ሣጥን እንዳልመታው ዞር ብዬ አለፍኩ። ሣጥኑ ከተነሣ ቆይቷል፤ እዚያ ቦታ ምንም የለም።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ለምን ቆሙ?» አለኝ የሸጎሌው ሰው ከጨለማው ውስጥ።

ኩሽኔታውን ይዤ፣ መብራት እስኪመጣ ድረስ፣ እዚያው ቆምኩ።